ፒያሳ ግራጫ አልነበረችም

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳዋ ዶሮ ማነቂያና አካባቢዋ ሲፈርሱ ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አነሳ። ጥሩ አደረገ። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ብዙ ሰው ፎቶውን ከመለጠፉ በፊት ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ፊልተር ተጫነ። ባለፈው ሳምንት ቡና የተጠጣበት ቤት በአንዴ የጃንሆይ ዘመን ቤት መሰለ። ከሥሩም «ትዝታ» ተባለ።

ኧረ ተዉ! ፍርስራሹ እኮ ገና አልተጠረገም ነበር።

የአያቶቻችን ፎቶ ጥቁርና ነጭ የሆነው ፊልሙ እንደዚያ ስለነበረ ነው፤ እነሱ ግራጫ ሆነው አልኖሩም። እኛ ግን ለምደነው ግራጫ ስናይ «ያለፈ ነገር ነው» እንላለን። ላለፈ ነገር ደግሞ ይታዘንለታል እንጂ አይጠየቅበትም። የቤቱ ሰዎች የት ገቡ? ባለሱቁ አሁን በምን ይኖራል? እነዚህ የዛሬ ጥያቄዎች ናቸው፤ የዛሬን ፎቶ ይፈልጋሉ።

«ክብደት ይሰጠዋል» የሚሉ አሉ። ለማን ነው ክብደት የሚሰጠው? ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡ አሮጊት ሲሆኑ ፊልተሩ ይፈጥናል። የራሱን የምርቃት ፎቶ ግራጫ አድርጎ ሳሎን የሚሰቅል ግን እስቲ አሳዩኝ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ፊልተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ቁጥር አለው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። በጣም የተለመደው ቀመር ቀዩን በ0.299፣ አረንጓዴውን በ0.587፣ ሰማያዊውን በ0.114 አባዝቶ ይደምራል። አረንጓዴው ትልቁን ድርሻ ያገኘው የሰው ዓይን ከሦስቱ እሱን አድምቆ ስለሚያይ ነው። ሦስት ቁጥር ይገባል፣ አንድ ይወጣል። በቃ።

በባንዲራችን እንሞክረው። አረንጓዴውን 7፣ 137፣ 48 እንበል፤ ቢጫውን 252፣ 221፣ 9፤ ቀዩን 218፣ 18፣ 26። ስታሰሉት አረንጓዴው 88፣ ቢጫው 206፣ ቀዩ 79 ይወጣል። ቢጫው በራ፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ለዓይን አንድ ዓይነት ጥቁር ግራጫ ሆኑ። ባንዲራ ስለሆነ ቀለሙን በቃላችሁ እናውቀዋለን ትላላችሁ። የፈረሰውን ቤት በር ቀለም ግን ማን በቃሉ ይዞታል?

79ን ይዛችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ እስቲ። ቀይ ነበር? ቡናማ? ጥቁር አረንጓዴ? ወደዚያ ቁጥር የሚያመጡ መንገዶች እልፍ ናቸው፤ የመመለሻው መንገድ ግን ጠፍቷል። «ኤአይ ይመልሰዋል» የምትሉኝ፣ አይመልስም፤ ይገምታል። ከዚህ በፊት ያያቸውን ፎቶዎች መሠረት አድርጎ «እንዲህ ያለ በር ቡናማ ይሆናል» ይላል። በሩ ውኃ ሰማያዊ ከነበረ፣ ልጆቻችሁ ያልነበረ ሰፈር ያያሉ።

«ዋናው ስልኬ ላይ አለ» አትበሉኝ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ሲሞላም ይጠረጋል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቴሌግራም ላይ የለቀቃችሁት ነው።

«ሴባስቲያዎ ሳልጋዶስ?» የሚልም አይጠፋም። እሺ። ሳልጋዶ በ1984 እ.ኤ.አ. የኮረምን መጠለያ በጥቁርና ነጭ አንስቷል፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ ወደ ዲጂታል ከዞረም በኋላ በዚያው ቀጥሏል። እሱ ግን ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ነበር የወሰነው፤ ብርሃንና ጥላውን ለዚያ ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ያም ሆኖ «መከራን አሳመረ» ብለው የወቀሱት ነበሩ። እሱ ያላመለጠውን ወቀሳ በአንድ ጣት የተሠራ ሥራ ያመልጠዋል እንዴ? በሌላ በኩል አይዳ ሙሉነህ በደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ትሠራለች። ሥራዋ ክብደት የለውም የሚል እስቲ ይምጣ።

በጥቁርና ነጭ ፀብ የለኝም። ቅርጽ፣ ጥላ፣ የፊት መስመር ለማሳየት ከፈለጋችሁ አድርጉት። ግን ቀመሩ አይወስንላችሁ። ላይትሩም ላይ የእያንዳንዱን ቀለም ድምቀት ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል፤ ስናፕሲድም ጥቁርና ነጩ ላይ የቀይ፣ የቢጫ፣ የአረንጓዴ ማጣሪያ አለው። ቀዩ ይጉላ ወይስ ይጥቆር የሚለውን እናንተ ወስኑ። ከዚያ የቀለሙን ፎቶ አብራችሁ ለጥፉ፣ ቀኑንና ሰፈሩንም ጻፉበት።

ነገ የሌላ ሰፈር ተራ ይደርሳል። ስታነሱት ሰማያዊና ነጩን ታክሲ፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ የታጠበውን ልብስ ከነቀለማቸው ተዉአቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ቀለም ነበረው።