መሪውን የሚያንቀጠቅጠው 19 ሚሊ ሜትር

አዲስ ቸርኬ ገጥሞ መሪው መንቀጥቀጥ ለጀመረበት የአዲስ አበባ ሹፌር የሚሰጡት ምክሮች ሦስት ናቸው። «ባላንስ አሠራው»፣ «እንደገና ባላንስ አሠራው»፣ «በቃ ስፔሰር አስገባበትና ይለቅሃል»። የመጀመሪያው ምክር ለአንድ ጊዜ ትክክል ነው። ሁለተኛው ገንዘብ መጣል ነው። ሦስተኛው ሰው ሊገድል ይችላል። «እስቲ የመሀል ቀዳዳውን እንለካው» የሚል ሰው ግን እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብርቅ ነው። እኛ ዛሬ ለዚያ ብርቅ ሰው ጥብቅና ልንቆም ነው።

ጎማ ሲወልቅ አይታችሁ ከሆነ፣ ቸርኬው የሚያርፍበትና ቡሎኖቹ የተተከሉበት ክብ ብረት አለ። መካኒኮቻችን ሞዞ ይሉታል። ከሞዞው መሀል እንደ አጭር አንገት ብቅ ያለ ነገርም ታያላችሁ። የቶዮታ ቪትዝን አንገት ብትለኩት ስፋቱ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ቸርኬ የመሀል ቀዳዳም እንዲሁ 54.1 ነው። ስለዚህ ቸርኬው ጣት ላይ እንደሚገባ ቀለበት ልክክ ይላል፤ መሀሉን ለማግኘት የጎሚስታውን ችሎታም ሆነ የዕለቱን ስሜት አይጠብቅም።

ከዱባይ ወይም ከቻይና የሚመጣው አብረቅራቂ ቸርኬ ግን ለቪትዝ ተብሎ የተወለደ አይደለም። አምራቹ አንዱን ንድፍ ለብዙ ዓይነት መኪና መሸጥ ይፈልጋል። የብዙዎቹ ኒሳኖች አንገት 66.1 ነው፣ የብዙዎቹ ሀዩንዳዮች 67.1 ነው። ለሁሉም እንዲበቃ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው ልክ 73.1 ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። አምራቹ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አብሮ እንደሚገጠም አስቦ ነው የሠራው። ሀብ ሪንግ የሚባለው ያ ነው፤ ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም የሚሠራ፣ ውጪው 73.1፣ ውስጡ 54.1 የሆነ ተራ ቀለበት። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ይሸጣል፣ ቀለበቱ ግን አይጠየቅም። ከ73.1 ላይ 54.1 ሲቀነስ 19 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ቸርኬው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ተንጠልጥሎ መሀሉን የሚያገኘው በአራት ዳዶዎች ምሕረት ነው።

«ታዲያ ለዚህች ሚሊ ሜትር ይህን ያህል?» ለምትሉ፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ጎማና ቸርኬው ተደምረው 15 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ሲታሰር ከመሀሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያፈነግጥ፣ በ14 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ 42 ግራም ያህል እርሳስ ያለቦታው እንደመለጠፍ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የቪትዝ ጎማ በአንድ ሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ያቺ ግማሽ ሚሊ ሜትር በያንዳንዱ ዙር 7 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ትጎትታለች ማለት ነው። መዶሻ ይዞ በሴኮንድ 15 ጊዜ መሪውን የሚያንኳኳ ጎረምሳ ኮፈኑ ስር የተደበቀ ይመስላል።

ደግሞም ጉልበቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ ሲመላለስ እንደ ዲያቆን ጨዋ የነበረ መኪና፣ በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ የሚያብደው። ሻጩ ሠፈር ውስጥ አንድ ዙር አስነድቶ «አየህ፣ ምንም የለውም» ይላል። እውነቱን ነው፤ በ40 ምንም የለውም። ችግሩ ራሱን የሚያሳውቀው ከ80 በላይ ነው፤ ገንዘቡ ከተከፈለ፣ ቤተሰቡ ከተጫነ፣ ከጎን ከባድ መኪና እያለፈ ባለበት ሰዓት።

ከዚያ ሹፌሩ ተመልሶ ባላንስ ያሠራል። ማሽኑ ዜሮ ያሳያል። መኪናው ግን ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ የሚነሳው አንድ ቀላል ነገር ካለማስተዋል ነው። ማሽኑ ቸርኬውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በመሀል ቀዳዳው ገብቶ በሚያጠብቅ ኮን ነው። ማሽኑ ላይ ቸርኬው መሀሉን አግኝቷል፤ ስለዚህ ዜሮው ውሸት አይደለም። መኪናው ላይ ግን ያንን ሥራ የሚሠራለት ምንም ነገር የለም። ለአንድ ሰው በልኩ የተሰፋ ሱሪ ሌላ ሰው ላይ ሲወርድ ልብስ ሰፊውን አሥር ጊዜ ቢመላለሱበት ምን ይጠቅማል? አንድ ጎማ ለተመሳሳይ ችግር ለሦስተኛ ጊዜ ባላንስ ማሽን ላይ ሲወጣ፣ ጎሚስታው እየሠራ ሳይሆን ጊዜ እየገዛ ነው።

አሁን ወደ ስፔሰሩ እንምጣ፤ ዋናው ጠባችን ከእሱ ጋር ነውና። ስፔሰር በሞዞውና በቸርኬው መካከል የሚገባ ዲስክ ነው። ሥራው ጎማውን ወደ ውጭ ማራቅ ነው። የቸርኬው ክንድ የፍሬኑን ካሊፐር ሲነካ፣ ወይም ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ አሞርዛተሩን ሲፈትግ፣ በልኩ የተሠራ ስፔሰር ተገቢ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለመንቀጥቀጥ ግን መድኃኒት አይደለም። «ለእኔ ግን ሠርቶልኛል» የሚል ሰው ካለ፣ የገጠመው ስፔሰር በአንድ በኩል ለሞዞው በሌላ በኩል ለቸርኬው በልክ የወጣ አንገት ያለው ይሆናል። ያዳነው ጎማው መራቁ ሳይሆን ያ አንገት ነው። ያንን ሥራ ቀለበቱ ጎማውን ሳያርቅ ይሠራው ነበር።

ጠፍጣፋው ስፔሰር፣ ማለትም እንደ ትልቅ ሮንዴላ ቡሎኖቹ ላይ የሚሰካው፣ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ያንን አጭር አንገት ይሸፍነዋል። በፋብሪካው ቸርኬ መሀሉን አግኝቶ የነበረ መኪና እንኳ ስፔሰሩ ሲገባበት ያጣዋል፤ መንቀጥቀጥ ያልነበረበትን መኪና ያንቀጠቅጠዋል። ሁለተኛ ነገር፣ ከቡሎኑ ላይ ጥርስ ይሰርቃል። የቪትዝና የኮሮላ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር። 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባ ዳዶው ከሦስት ዙር በላይ ይዞታ ያጣል። 10 ሲገባ ከስድስት በላይ። በሙያው የታወቀው መመሪያ ደግሞ ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ርዝመት ይንከስ ይላል። 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስምንት ዙር ነው። በሦስትና በአራት ዙር የተንጠለጠለ ዳዶ ከውጭ ሲታይ ከጠበቀው ዳዶ አይለይም። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ።

ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። ዳዶው ይላላል፣ ቡሎኑ በያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል ይቃናል፣ አንዱ ይበጠሳል፣ የቀሩት ሦስቱ የእሱን ሸክም ይካፈላሉ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ሲንቀጠቀጥ የነበረው መኪና ለመንቀጥቀጡ ተብሎ የገባው መድኃኒት ጎማውን ይዞበት ይሄዳል። ጀርመኖች ስፔሰር የሚገጥም ሰው ለመኪናው የሚሆን የማረጋገጫ ወረቀት እንዲኖረው የሚጠይቁት ደስታ ስለማይወዱ አይደለም። እኛ ጋ ግን ከየትም የተገኘ አሉሚኒየም ቶርኖ ላይ ተቆርጦ፣ አንዳንዴም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይገባል። ጎማው ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ ሲታይ ያምራል፤ ፎቶም ይነሳል።

ደግሞ የዳዶው ነገር አለ፤ ማንም አያነሳውም። ብዙዎቹ የቶዮታ ኦሪጅናል አሎይ ቸርኬዎች የሚታሰሩት ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ነው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ዳዶ ነው። ያ ሾጣጣ ነው ቸርኬውን ወደ መሀል የሚስበው። ጠፍጣፋውን ዳዶ ሾጣጣ ጉድጓድ ላይ ያሰረ ሰው፣ ቀለበትም ዳዶም የሌለው ያህል ነው። ጎሚስታውም አሮጌውን ዳዶ መልሶ በአየር መፍቻው «ትርርር» ካደረገ በኋላ እጁን ይጠርጋል። አንዱ ዳዶ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ሌሎቹ ገና ሳይነኩ ቸርኬው ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ እዚያው ይቀራል።

ፍትሐዊ እንሁን። ቀለበቱ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም አይደለም። ክብደቱን የሚይዘው ዳዶዎቹ ቸርኬውን ሞዞው ላይ የሚጫኑበት ጉልበት ነው፤ ቀለበቱ ሲታሰር መሀሉን አሳይቶ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ፕላስቲኩም የሚበቃው። ያለ ቀለበት፣ ትክክለኛ ሾጣጣ ዳዶ ይዞ፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ በጥንቃቄ በመስቀለኛ ተራ ታስሮ ያለ ችግር የሚሄድ መኪናም ሞልቷል። መንቀጥቀጥ ሁሉም ከዚህ አይመጣም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩን እዩ። ጉድጓድ ያጣመመው ቸርኬ፣ ሆዱ ያበጠ ጎማ፣ ያለቀ ቴስቲና፣ የላላ ኩሽኔታ ሁሉም ያንቀጠቅጣሉ፤ መንገዳችን ደግሞ ለእነዚህ ሁሉ ለጋስ ነው። አንዳንዴ ጥፋተኛው ሞዞው ፊት ላይ የተጋገረ ዝገትና ጭቃ ብቻ ነው፤ በሽቦ ብሩሽ ሁለት ደቂቃ። ክርክራችን መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይገዛ የሚል ነው። እየሆነ ያለው ግን መጀመሪያ ይገዛል፣ ከዚያ ይጸለያል።

«በዚህ ኑሮ ስለ ሚሊ ሜትር ታወራላችሁ» የሚለን አይጠፋም። እኛም የምናወራው በኑሮው ምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ፣ ያንን አሮጌ ቪትዝ የያዘ ሰው በቀላሉ የሚተካው መኪና አያገኝም። ብዙው ባለ ቪትዝ በዚያ መኪና ሰው ጭኖ ነው የሚያድረው። የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ተሳፋሪ ስፔሰር ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ማወቅም የለባትም። ቀለበቱ ደግሞ ከቸርኬው ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የማይገባ ነው። ሶማሌ ተራ ቢጠፋ እንኳ፣ ካሊፐር ያለው ደህና ቶርኖ ቤት ሁለት ቁጥር ተነግሮት ከአሉሚኒየም ያወጣዋል። ስፔሰር የሚቆርጠው እጅ ቀለበትም መቁረጥ ይችላል። የጎደለው የሚጠይቅ ደንበኛና የሚለካ ሻጭ ነው።

ስለዚህ ቸርኬ ሻጮችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመሀል ቀዳዳውን ልክ ደረሰኙ ላይ ጻፉት። የቸርኬውን ኢንች ትጽፋላችሁ፣ የቡሎኑን ቁጥር ትናገራላችሁ፤ ይህ ሦስተኛ ቁጥር ለምን ይደበቃል? ጎሚስታዎችን ደግሞ፣ ያልለካችሁትን መኪና ስፔሰር አትሽጡበት። እናንተም አንባቢዎቻችን፣ ቸርኬ ስትገዙ «አራት ቀዳዳ ነው፣ ይገባል» በሚል መልስ አትመለሱ። ስትገጥሙም ጎማው ከመሬት ተነስቶ ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ተራ በቁልፍ ይታሰሩ። የቪትዝና የኮሮላ የጥብቀት ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ ሬንች የሚባለው መለኪያ ያለው ቁልፍ ያሳያችኋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ጠፍጣፋ ስፔሰር ገጥማችሁ ቅዳሜ ወደ አዳማ ወይም ወደ ቢሾፍቱ የምታስቡ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ መኪናውን በክሪክ አንሱና አንድ ዳዶ ፍቱ። እስኪወጣ ድረስ ስንት ዙር እንደሚዞር ቁጠሩ። ከስምንት በታች ከሆነ ስፔሰሩን አውጡና የድሮውን ቸርኬ ከነዳዶው መልሱበት። አዲሱ ቸርኬ ቀለበቱና ልክ የሆነው ዳዶ እስኪገኝ ቤት ይቀመጥ።