ጭቅና ስለምን ፊሌቶ ይባላል?



በአዲስ አበባ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ «ፊሌቶ» የሚል ቃል ይገኛል። የቃሉ መልክ ጣሊያንኛ ነው። እንግሊዞች «ፊሌት» ይሉታል፤ እነርሱም ከፈረንሳይኛ ወሰዱት። ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጓሜው «ክር» ነው። እንግሊዝኛው የራስ ጥብጣብንም፣ እሾኹ የወጣለትን ዓሣም፣ ከከብት ወገብ የሚወጣውን ለስላሳ ሥጋም በዚሁ በአንድ ስም ይጠራል።

የእኛ ቋንቋ ግን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ በሬ ለቅርጫ ሲታረድ ሻኛው፣ ዳቢቱ፣ ሽንጡ፣ ፍርምባው፣ ጭቅናው እያንዳንዱ በስሙ ይታወቃል። ከየብልቱ ለየመደቡ ይደለደልና ዕጣ ይጣላል። ከአንዱ መደብ ቢጎድል ባለድርሻው «ጭቅናው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ የብልት ስም ለድርሻ ዳኛ ነው ማለት ነው።

የዓሣ ነገር ሌላ ነው። ከሐይቅ ወደ ከተማ ገበያ ሲመጣ «ፊሌቶ» የሚለውን ስም ይዞ ቢመጣ አልቃወምም፤ ደገኛው የበግ አገር ለእርሱ ስም አላወጣለትም። ለጭቅና ግን አውጥቷል። በሬውን ቀልቦ ያሳደገ የመንዝ ገበሬ ከተማ ገብቶ የገዛ ከብቱን ሥጋ በሚያውቀው ስም መጠየቅ ካልቻለ፣ ተምረናል የምንለው ምን ጠቀምነው? ቃል መበደር ነውር አይደለም፤ ያለውን ጥሎ መበደር ግን ኪሣራ ነው።