ደንቡ ከመዝገቡ አይለይ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» የሚለው የአበው ምክር በብዙ ነገር ይረዳል። ለእህልም፥ ለገንዘብም፥ ለወዳጅነትም ይበጃል። በአንድ ነገር ላይ ግን አይሠራም፤ እርሱም ደንብ ነው። አንድ ደንብ በሁለት ቦታ ተጽፎ ሁለቱ ጽሑፎች የተለያዩ እንደሆነ፥ ሰው የሚንጠለጠልበት አያገኝም፤ በመካከል ይወድቃል እንጂ። በዛሬው ጽሑፋችን ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ለሚያገለግሉ ወጣት ጓደኞቻችን ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ፥ በኮምፒዩተር በሚያዝ መዝገብ ደንቡ የት ይጻፍ የሚለው ነው። ጥያቄው የባለሙያ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲሳሳት መቀጫ የሚከፍለው ባለሙያው አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣን በሠራንበት መሥሪያ ቤት የደረሰውን እናስቀድም። መሥሪያ ቤቱ ለነጋዴዎች ሱቅ ያከራያል። በደንቡ መሠረት የዓመቱን ኪራይ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ቀን የከፈለ ሰው መቀጫ የለበትም፤ መስከረም 1 ቀን ከገባ በኋላ የከፈለ ግን መቀጫ ይጨመርበታል። ከአንዱ ዳታቤዝ የሚያነቡ ሦስት ፕሮግራሞች ነበሩ፤ አንዱ በመስኮቱ ያለው የገንዘብ ተቀባይ፥ ሁለተኛው የሒሳብ ክፍል፥ ሦስተኛው ለአለቆች ሪፖርት የሚያወጣው ነው። ሦስቱም በተለያየ ጊዜ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ሲሆኑ፥ የመቀጫው ደንብ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ለየብቻ ተጽፎ ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. አንድ ሽማግሌ ደረሰኛቸውን ይዘው መጡ። የከፈሉት ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ደረሰኙም ይህንኑ ይላል። የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ግን መቀጫ ጽፎባቸዋል።

«አባባ፥ ኮምፒዩተሩ የከፈሉት መስከረም አንድ ቀን ነው ይላል» አለቻቸው ሠራተኛዋ።

«ልጄ፥ ዘመኑ እኮ ሉቃስ ነበር፤ በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። ይህን ኮምፒዩተሩ አልተማረም?» አሏት።

አልተማረም ነበር። ዳታቤዙ ቀኑን የያዘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ ነው። የሒሳብ ክፍሉን ፕሮግራም የጻፈው ሰው የእኛ አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቀን የሚውል መስሎት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ጳጉሜ ስድስት በሆነች ጊዜ ግን አዲሱ ዓመት ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል። የመስኮቱ ፕሮግራም ይህን ያውቃል፥ የሒሳቡ አያውቅም። መዝገቡ አልዋሸም፤ ሦስት ቦታ የተጻፈው ደንብ ነው እርስ በርሱ የተጣላው። ሽማግሌው ግን ከሁለት ቢሮ ወደ ሦስተኛው ሲመላለሱ ሳምንት አለፈባቸው።

እንግዲህ ምን ይበጃል? መልሱን ለማግኘት ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፥ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ መልክ ቢቀመጥ ጠያቂው መረጃው በመሣሪያው ውስጥ የት እንዳለ ማወቅ ሳያስፈልገው የሚፈልገውን ብቻ መጠየቅ እንደሚችል አስረዳ። ከዚህ አሳብ የተወለደው ኤስኪውኤል የሚባለው ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ «ያልከፈሉትን አምጣልኝ» ለማለት እጅግ የተመቸ ነው። ዳሩ ግን ደንብ ሲጻፍ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፤ አለዚያ ያን አድርግ፤ ስሕተት ካገኘህ አቁም» ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ የዳታቤዝ ሠሪዎች በኤስኪውኤል ላይ የሥራ ቅደም ተከተል የሚጻፍበትን ቋንቋ ጨመሩ። ኦራክል ፒኤል ኤስኪውኤል የተባለውን ቋንቋ በ1988 አወጣ፤ በ1992 በወጣው በሰባተኛው እትሙም የተጻፈው ሥርዓት በዳታቤዙ ውስጥ እንዲቀመጥ አደረገ። ፖስትግሬስ በ1998 እርሱን የሚመስል የራሱን ቋንቋ አገኘ። ማይኤስኪውኤልም በ2005 በአምስተኛው እትሙ ተከተላቸው። በዚህ መንገድ ተጽፎ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው ሥርዓት ስቶርድ ፕሮሲጀር ይባላል።

አጻጻፉ አያስፈራም። በመጀመሪያ ስም ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ከጠሪው የሚቀበለው ነገር ይነገራል፤ ለምሳሌ የሱቁ ቁጥርና የተከፈለበት ቀን። ከዚያ ለጊዜው የሚይዛቸው ዕቃዎች በስምና በዓይነት ይዘረዘራሉ። «ቤጊን» እና «ኤንድ» በተባሉት ቃላት መካከል ሥራው በተራ ይጻፋል፤ ከመጨረሻው በፊት ስሕተት ቢደርስ ምን እንደሚደረግ የሚነገርበት ክፍል አለ። እኛ የጻፍነው ቀኑን ተቀብሎ የኢትዮጵያን ዓመት ያወጣል፤ ዓመቱን ለአራት ሲያካፍለው ሦስት ከተረፈ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል፤ መቀጫ መኖር አለመኖሩንም ይመልሳል። 2015 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋልና የሽማግሌው መቀጫ ተሰረዘ። ከሦስቱም ፕሮግራሞች የየራሳቸው ደንብ ወጥቶ ሁሉም ይህን አንዱን በስሙ እንዲጠሩ ሆነ።

በዚህም ሌላ ጥቅም ተገኘ። ቀድሞ የመስኮቱ ፕሮግራም የመቀጫውን ሠንጠረዥ በቀጥታ ለመለወጥ ሥልጣን ነበረው። አሁን ይህ ሥልጣን ተነሥቶለት ፕሮሲጀሩን የመጥራት ፈቃድ ብቻ ተሰጠው። የሣጥኑ ቁልፍ ለገንዘብ ተቀባዩ አልተሰጠም፤ ገንዘብ የሚያስገባበት ቀዳዳ ተሰጠው እንጂ። ይሁን እንጂ መጠንቀቅ ያሻል፤ ኦራክል ፕሮሲጀሩን በባለቤቱ ሥልጣን የሚያሠራው ሌላ ካልተነገረው በስተቀር ነው፤ በፖስትግሬስ ግን ይህ በግልጽ ካልተጻፈ በጠሪው ሥልጣን ይሠራል፤ የመጥራቱም ፈቃድ ካልተከለከለ ለሁሉ የተሰጠ ነው።

እስከዚህ ድረስ የሰውን ስሕተት ተናግረናል፤ የራሳችንን ብንደብቅ ግን ጽሑፉ ጉራ ይሆናል። መጀመሪያው ስለተሳካልን ኮራንና የዕለቱን ክፍያ ሁሉ የሚመዘግብ ሌላ ፕሮሲጀር ጻፍን። ሌሊት ስልክ እየተደወለ እንዳንቀሰቀስ፥ በስሕተቱ ክፍል «ማንኛውም ስሕተት ቢመጣ ምንም አታድርግ» የሚል አንድ መሥመር አኖርን። ሥራው በየማታው በሰላም ተፈጸመ እያለ ነገረን፤ እኛም በሰላም ተኛን። የሱቅ ቁጥራቸው የተሳሳተ ክፍያዎች ግን አንድ በአንድ እየተጣሉ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጋዴዎች ደረሰኛቸውን ይዘው መስኮቱን ሲከቡት ነው የነቃነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አሁን ፕሮሲጀሩ በስሙ የሚያውቀውን ስሕተት ብቻ ያርማል፤ የማያውቀው ሲመጣ ይጮኻል፤ የዕለቱም ሥራ በሙሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ግማሽ ከተመዘገበ መዝገብ ጨርሶ ያልተመዘገበ ይሻላል፤ ለምን ቢሉ፥ ያልተመዘገበው ይታያል፤ ግማሹ ግን ሙሉ ይመስላል።

ሁለተኛው ጥፋታችን ክፍያዎቹን አንድ በአንድ እያነሣን ማስኬዳችን ነው። ይህ ጤፍን ፍሬ በፍሬ እየቆጠሩ ወደ ጎተራ እንደ ማስገባት ነው። ኤስኪውኤል በቁና መስፈር ያውቃል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሺውን መሥመር በአንድነት ያስገባል። የቅደም ተከተሉን ቋንቋ ስለተማርን ብቻ ለሁሉ ነገር ድግግሞሽ መጻፍ የለብንም።

በዚህ አሠራር የማይስማሙ ጓደኞች አሉን፤ አሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። አንደኛ፥ የኦራክል፥ የማይክሮሶፍትና የፖስትግሬስ ቋንቋዎች ስለሚለያዩ ዳታቤዝ መለወጥ ያስቸግራል ይላሉ፤ እውነት ነው። ሁለተኛ፥ ፕሮግራም የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ማብዛት ሲቀል የዳታቤዙን መሣሪያ ማብዛት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሥራ አይከመርበት ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ሦስተኛ፥ በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍ ተረስቶ ይቀራል፤ ማን እንደለወጠው አይታወቅም ይላሉ። ይህኛው ግን የፕሮሲጀሩ ጥፋት ሳይሆን የሠራተኛው ስንፍና ነው።

እኛ የምንለው ሁሉ ነገር ወደ ዳታቤዙ ይግባ አይደለም። ደብዳቤ ማሳመር፥ መልእክት መላክ፥ የገጽ ቀለም መምረጥ ውጭ ይቅር። ዕዳ የሚያወጣው፥ ቀን የሚቆርጠው፥ መብት የሚሰጠውና የሚነሣው ደንብ ግን ከአንድ በላይ ፕሮግራም የሚነካው ከሆነ አንድ ጊዜ፥ በመዝገቡ ዘንድ ይጻፍ። ፕሮግራም በየጊዜው ይለወጣል፤ መዝገብ ይኖራል፤ ደንቡም ከሚኖረው ጋር ይኑር።

ስለዚህ ወጣት ጓደኞቻችን ሆይ፥ ፕሮሲጀር ስትጽፉ ዋናውን ጽሑፍ ለውጡ ሁሉ ከነለዋጩ በሚመዘገብበት ስፍራ አኑሩ። የምትለውጡትን ሌላ ባልደረባ ያንብበው። ደንቡን ያወጣውን የሥራ ክፍል ጠይቁ እንጂ በግምት አትጻፉ። ከመልቀቃችሁም በፊት በጳጉሜ 5፥ በጳጉሜ 6 እና በመስከረም 1 ቀን ፈትኑት። ያንን ቀን እናንተ ካልፈተናችሁት፥ ደረሰኙን ይዞ ከመስኮቱ ፊት የሚቆም አንድ ሽማግሌ ይፈትነዋል፤ ያን ጊዜ የሚያፍረው ኮምፒዩተሩ አይደለም።