‹‹ወታደር ቤት ነበር የሚያስተካክለው!››



ከጥቂት ወራት በፊት ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንድ ባልና ሚስት ባለቤቴንና እኔን ለማነጋገር መጡ። ጉዳያቸው የ13 ዓመት ልጃቸው ነበር። እናትየዋ እንባ እየተናነቃት፣ ‹‹እህቴ፣ ከሕፃናቱ ጋር አልቀመጥም ይላል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ገና ልጅ ነህ ይሉታል። አሁን ጭራሽ ቸርች አልሄድም ብሏል›› አለችኝ። አባትየው ግን ተቆጥቶ ነበር። ‹‹ይህን ልጅ ወታደር ቤት ነበር የሚያስተካክለው!›› አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ‹‹ወታደር ቤት›› የሚለውን ስሰማ ደነገጥኩ። ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን መጨረሻ፣ ታላቅ ወንድሜ ወደ ጦር ግንባር ተወስዶ አልተመለሰም። እናቴ ለብዙ ዓመታት በር በተንኳኳ ቁጥር ከሁላችን ቀድማ ትነሣ ነበር። ስለዚህ ልጆችን አሰልፎ ‹‹ግራ ቀኝ›› ማሰኘትን ከልቤ አልወደውም። ሆኖም የአባትየው ንግግር በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩትን አንድ ታሪክ አስታወሰኝ።

በስኮትላንድ አገር፣ በግላስጎው ከተማ፣ ዊልያም አሌክሳንደር ስሚዝ የሚባል የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። እርሱም አባቱን በሞት ያጣው ገና በ13 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ግላስጎው መጥቶ በአጎቱ ንግድ ቤት ሥራ ጀመረ። ካደገ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች ጦር ውስጥ መኮንን ሆነ። በጦሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ትእዛዙን ይሰማል፤ እሑድ በክፍሉ ያሉት ልጆች ግን ይረብሻሉ፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤቱን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። የዚያች እናት ጭንቀት የእርሱም ጭንቀት ነበር ማለት ነው።

ስሚዝ በመጨረሻ፣ ‹‹ልጆቹ የሚወዱትን ሰልፍና ሥርዓት ለምን ወደ ክርስቶስ ለማቅረቢያ አልጠቀምበትም?›› ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1883 ከሁለት ወንድማማች ጓደኞቹ ጋር በአንድ የሚሲዮን አዳራሽ ‹‹ቦይስ ብርጌድ›› የተባለውን የልጆች ብርጌድ ጀመረ። ደንብ ልብሱ ውድ አልነበረም። ልጁ በራሱ ልብስ ላይ ቆብ፣ ቀበቶና በትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ ብቻ ይጨምር ነበር። መጀመሪያ 59 ልጆች ተመዘገቡ፤ ሥርዓቱ ሲጠብቅባቸው ቁጥራቸው ወደ 35 ወረደ። ስሚዝ ግን ልጅ እንዳይቀርብኝ ብሎ ሥርዓቱን አላላላም።

የብርጌዱ ዓላማ የክርስቶስ መንግሥት በልጆች መካከል እንዲሰፋ፣ ልጆቹም አክብሮትን፣ ሥርዓትንና ራስን ማክበርን እንዲለምዱ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ መታዘዝ ተጨመረበት። ምልክታቸው መልሕቅ ነው፤ ይህም የተወሰደው ተስፋችን የነፍስ መልሕቅ እንደሆነ ከሚናገረው ከዕብራውያን 6፥19 ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ስሚዝ ልጆቹን በባሕር ዳር ወዳለች መንደር ለካምፕ ወሰዳቸው። ከልጆቹ ጋር በላ፣ ከልጆቹ ጋር አደረ። ሰልፉ ልጆቹን ጠራቸው እንጂ የያዛቸው ሰልፉ ብቻ አይመስለኝም። ጊዜውን የሰጣቸው ሰው ነበራቸው።

‹‹ታዲያ ልጆቹን ለጦርነት ማዘጋጀት አይሆንም ወይ?›› ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ያኔም ነበር። ልጆቹ ከእንጨት በተሠራ ጠመንጃ ይለማመዱ ስለነበር ብዙ አማኞች ቅር አላቸው። ጆን ብራውን ፓተን የተባለ አገልጋይ እ.ኤ.አ. በ1899 ሌላ ብርጌድ አቋቋመ። በዚያ ልጆች የሚማሩት ጠመንጃ አያያዝን ሳይሆን በአደጋ ጊዜ የሰው ሕይወት ማዳንን ነበር። መንግሥት ብርጌዱን ከጦር ካዴቶች ጋር ሊያደርገው በፈለገ ጊዜም ስሚዝ አልተስማማም።

ስሚዝ እ.ኤ.አ. በሜይ 1914 ዐረፈ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ በብርጌዱ ካደጉት ብዙዎች በዚያ አለቁ። ይህን ሳነብ የማስበው እናቶቻቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሁለቱ ብርጌዶች ሲዋሐዱ የእንጨቱ ጠመንጃ ቀረ፤ በመልሕቁም ላይ መስቀል ተጨመረ። ብርጌዱ ዛሬም ናይጄሪያንና ዛምቢያን ጨምሮ በብዙ አገሮች በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አለ። ጠመንጃው ቀርቶ ሥራው መቀጠሉን ልብ በሉ።

ወደ እነዚያ ባልና ሚስት ልመለስ። ባለቤቴ አባትየውን፣ ‹‹ወንድሜ፣ ከልጅህ ጋር ሁለታችሁ ብቻ የዋላችሁት መቼ ነው?›› ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ ‹‹አላስታውስም፣ ፓስተር›› አለ።

ውድ አባቶች፣ ወታደር ቤት ልጅን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ይሆናል፤ ልጁ የሚጠብቀው ግን አባቱን ነው። ዘዳግም 6፥7 ቃሉን ለልጆቻችን በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድ ስንሄድም እንድናስተምራቸው ያዝዘናል። አብሮ ያልሄደ አባት በመንገድ ምን ሊያስተምር ይችላል? እኛም እናቶች ልጁን በአባቱ ፊት እየከሰስን ‹‹ቅጣልኝ›› ማለቱን ትተን ሁለቱ የሚገናኙበትን ጊዜ እናመቻች። የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ደግሞ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆቻችን የት እንደሚቀመጡ፣ ምን ኃላፊነትም እንደተሰጣቸው አስቡበት።

ያ ልጅ አሁን እሑድ ጠዋት ከአባቱ ጋር ቀድሞ እየመጣ ወንበር ይደረድራል። ሁልጊዜ ደስ ብሎት ነው አልልም፤ አንዳንዴ እንቅልፍ ባልለቀቀው ፊት ነው የሚመጣው። ባለፈው እሑድ ግን አንዱን መስመር ቆሞ አየና፣ ‹‹አባዬ፣ ጠሟል፤ እናስተካክለው›› ሲል ሰማሁት። አባቱም ጎንበስ ብሎ አብሮት አስተካከለ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እናንተ ባልና ሚስት አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፤ ‹‹በዚህ ሳምንት ለልጃችን ምን ትእዛዝ ሰጠነው? ምን ያህል ጊዜስ ሰጠነው?›› መልሱን ይዛችሁ አብራችሁ ጸልዩ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። ሻሎም!