የአያት ስም፣ የአሜሪካ ወረቀትና የፍርድ ቤት ደጃፍ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። አሜሪካን አገር ግን የብዙዎቻችንን ስም ያወጣው የቪዛ ፎርም ነው። አገር ቤት ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ፎርሙ ላይ አያት «የመጨረሻ ስም» ሆነው ገቡ፤ አባት መሐል ቀሩ፣ አንዳንዴም በአንድ ፊደል አጠሩ። ባል፣ ሚስትና ልጅ በሦስት የተለያየ ስም ተመዝግበው ይኖራሉ።

ይህ ዱሮ የሚያስቅ ነገር ነበር። ዛሬ ግን አያስቅም። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሪል አይዲ ደንብ ተግባራዊ ሆኗል። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው ረቂቅም ለመራጭነት ሲመዘገቡ የዜግነት ማስረጃ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ነው። የረቂቁ ዕጣ ምንም ይሁን ምን፣ ወረቀቶቻችን እርስ በርስ እንዲስማሙ የሚጠይቀው በር እየበዛ ነው።

ታዲያ ስም ለማስተካከል የግድ ጠበቃ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ቀላሉ መንገድ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ነው፤ ስም መቀየር ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ነገር ግን ስሙን የሚለውጠው ዳኛ ስለሆነ ቃለ መሐላው በፍርድ ቤት መፈጸም አለበት።

ይህ ያመለጠው ሰው ለሚኖርበት አካባቢ ፍርድ ቤት ራሱ ያመለክታል። ካሊፎርኒያን እንውሰድ፦ ክፍያው ከ435 ዶላር ይጀምራል፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከክፍያ ነጻ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት ሳምንት በጋዜጣ ይወጣል። ከዕዳ ለመሸሽ ወይም ለማታለል ከሆነ አይፈቀድም። የወንጀል መዝገብ ወይም ያላለቀ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ባለሙያ ቢያማክር ይሻለዋል።

ዳኛው ሲፈርም ማኅተም ያለበትን ትእዛዝ በሁለት ሦስት ቅጂ ይውሰዱ። መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድና ፓስፖርት ይስተካከላል።

አገር ቤት ያለውንም አንርሳ። ቤቱ፣ ውክልናውና ውርሱ የተጻፉት በቀድሞው ስም ነው። እናቱን ለማስመጣት የሚያመለክት ልጅም የስሙን ለውጥ በትእዛዙ ማስረዳት ይኖርበታል።

እንግዲህ ከባዱ ነገር ፎርሙ አይደለም። ለልጆቻችን የምናወርሰው የአባትን ስም ነው ወይስ የአያትን? ይህን ፍርድ ቤት አይወስንልንም። ከማመልከታችን በፊት ቤተሰቡ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ይምከርበት።