«ተፈጥሮ ነው» የሚል ማመካኛ

በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ ስለ ሰው ክፋት ክርክር ሲነሣ፣ የመጨረሻው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሰው በተፈጥሮው እንዲህ ነው፤ ምን ይደረግ?» አባቶቻችን «ተፈጥሮን ተመክሮ አይመልሰውም» ይሉ ነበር። የዛሬው ተማሪ ይህንኑ ምሳሌ የዳርዊንን ካፖርት አልብሶ ያቀርበዋል። ካፖርቱ ግን በልኩ የተሰፋ አይደለም።

«ለመኖር በሚደረገው ትግል ጉልበተኛው ይተርፋል» የሚባለውን እንኳ ብንወስድ፣ የአነጋገሩ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1864 ኸርበርት ስፔንሰር የጻፈው ነው፤ ዳርዊን በመጽሐፉ ያስገባው በ1869 ነው። ትርጉሙም ለሚኖርበት አካባቢ የተስማማው ይተርፋል ማለት እንጂ ክንዱ የፈረጠመው ይተርፋል ማለት አይደለም።

የተፈጥሮ ምሳሌ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ የለብንም። በስሜን ተራሮች ሣር እየነጨ የሚውለው ጭላዳ ለሚያየው ሰላማዊ እንስሳ ነው። ሆኖም አዲስ ወንድ የቀድሞውን አባወራ አባርሮ እንስቶቹን ሲይዝ፣ ከቀድሞው የተወለዱትን ግልገሎች ብዙ ጊዜ ይገድላል፤ እናቲቱ ማጥባት ስታቆም ቶሎ ትፀንስለታለችና። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል የእንጀራ ልጁን የገደለ ሰው ችሎት ቀርቦ የጭላዳን ነገር ቢጠቅስ ዳኛው ነጻ ይለቀዋልን? የአንድን ነገር ምክንያት ማወቅ ሌላ፣ ነገሩን ተገቢ ነው ማለት ሌላ።

ከባዱ ነገር ወዲህ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ አባሎቹ ለመረዳዳትና ለጋራ ጥቅም ራሳቸውን ለመሠዋት የተዘጋጁበት ነገድ ሌሎቹን ነገዶች ያሸንፋል ብሏል። ይህ አሳብ ልክ ከሆነ (ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል) ደግነታችንና ጠላትነታችን መንትዮች ናቸው ማለት ነው። ለወገኑ የሚሞት ልብ ለወገኑ ብሎ ለመግደልም ቅርብ ነው። ስለዚህ «ሰው በተፈጥሮው ደግ ነው» የሚሉት ወዳጆቼም ቢሆኑ አያጽናኑኝም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት ጠፍቷል። ያን ጊዜ ዱላ ከያዙት ብዙዎቹ ክፋት ልሥራ ብለው ሳይሆን ወገኔን ልጠብቅ ብለው የወጡ ይመስለኛል።

«የሚመርጠውም አእምሮ እኮ የዝግመተ ለውጥ ውጤት ነው» የሚል የባዮሎጂ መምህር ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። እጃችንም በጥንት አባቶቻችን ዘመን ቅርንጫፍ ይጨብጥ ነበር፤ ዛሬ ብዕር ይይዛል። መነሻው መድረሻውን አልወሰነበትም። ሰው ገና ያልደረሰውን ነገር አስቀድሞ አስቦ ቃል ይገባል፣ ለራሱም ሕግ ያወጣል። ጭላዳ ይህን አያደርግም።

ምርጫው ግን ሁከት በተነሣበት ሌሊት የሚደረግ አይደለም። በዚያ ሰዓት ደም ፈልቶ ማን ረጋ ብሎ ያስባል? የሚመረጠው ቀደም ብሎ በተራው ቀን ነው፦ ከማን ጋር አንድ ክፍል እንደምናድር፣ ከማን ጋር እንጀራ እንደምንቆርስ፣ በማን ቋንቋ ሰላምታ መስጠት እንደምንማር። ዳርዊን በዚያው መጽሐፉ የሰው ርኅራኄ ከነገዱ አልፎ ለማያውቃቸው ያገሩ ሰዎች ሁሉ ከተዳረሰ፣ ከዚያ ወዲያ ለዓለም ሕዝብ እንዳይደርስ የሚያግደው ሰው ሠራሽ አጥር ብቻ እንደ ሆነ ገልጿል። በምግብ አዳራሻችን ይህን አጥር ለማየት መነጽር አያስፈልግም፤ በየጠረጴዛው የሚነገረውን ቋንቋ ማዳመጥ ይበቃል።

እንግዲህ የማኅበራችን መሪዎች የመኝታ ክፍል ድልድል በዕጣ እንዲሆን፣ ከድልድሉ በኋላም ያገር ልጅ እየፈለጉ ክፍል መቀያየር እንዲቀር ለአስተዳደሩ እንዲያቀርቡ አሳስባለሁ። ብዙ ተማሪ ይህን እንደማይወደው ዐውቃለሁ፤ ለእኔም ቢሆን ያገሬን ልጅ ትቼ ከማላውቀው ሰው ጋር ማደር ቀላል አይደለም። ተቃዋሚ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ «ተፈጥሮ አይፈቅድም» የሚለውን ትቶ ግን ሌላ ምክንያት ያምጣ።