ስለ አውቶሞቢል መብራት ቀለምና ልክ

ለሕዝብ ጉዳይ የተመደበ ምልክት ሁሉ ክብሩ የሚጸናው ለተመደበለት ሥራ ብቻ ሲውል ነው። በቀድሞ ዘመን ነጋሪት የሚያስመታው ሹመቱ የፈቀደለት ሰው እንጂ ከበሮ ለመግዛት የቻለ ሁሉ አልነበረም፤ ይኸውም ሕዝቡ ድምፁን በሰማ ጊዜ የአዋጅ ድምፅ መሆኑን ያለ ጥርጥር አውቆ ይሰበሰብ ዘንድ ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ በዚሁ በነጋሪት ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደወልም በሰዓቱና በሥርዓቱ ይደወላል፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ባሻው ጊዜ ቢደውለው ግን ደወሉን ሰምቶ ለጸሎት የሚነሣ አይገኝም።

ይህን ያነሣነው ዛሬ በግል አውቶሞቢሎች ላይ እየበዛ ስለመጣው ባለቀለምና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለመናገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ የምዕራብ ጎጃም ዋና መተላለፊያ ነው፤ ከቡሬም ላይ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በዚህ መንገድ እህል የጫነው አይሱዙ፥ መንገደኛ የያዘው ሚኒባስ፥ ባጃጁ፥ የፈረስ ጋሪውና እግረኛው ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አንዱ በመኪናው ግንባር ሰማያዊ፥ ሌላው ቀይ፥ ሦስተኛው አረንጓዴ መብራት እየሰቀለ ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ነገሩን ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ጉዳዩ ሕግ ያልደረሰበት አይደለም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ፥ ለአስቸኳይ አደጋ የሚላኩ ተሽከርካሪዎች ምልክታቸውን ባሳዩ ጊዜ ሌላው ነጂ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ያዛል። እንግዲህ ሕግ አንድን ብርሃን ለይቶ «ይህን ባየህ ጊዜ መንገድ ልቀቅ» ብሎ ካዘዘ፥ ያንኑ ብርሃን ሳይፈቀድለት የሰቀለ ሰው ሥልጣን ሳይኖረው ትእዛዝ እንደ ሰጠ ይቆጠራል። በ1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተፈረመው የዓለም የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ሰማያዊውን የማስጠንቀቂያ መብራት ቅድሚያ ለተሰጣቸው መኪናዎች፥ ያውም ለአስቸኳይ ጉዳይ በተላኩ ጊዜ ብቻ ይመድበዋል፤ ብጫውንም እንደ መንገድ መሥሪያ ላሉ ልዩ ሥራ ለያዙ ተሽከርካሪዎች ይተወዋል፤ ቀይ መብራት ወደ ፊት፥ ነጭ መብራትም ወደ ኋላ እንዳይታይ በመሠረቱ ይከለክላል፤ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የሚበራውን ነጭ መብራት ግን ይፈቅዳል።

የዚህም ክልከላ ምክንያት ግልጥ ነው። በጨለማ የሚሄድ ነጂ የሌላውን መኪና አካል አያይም፤ የሚያየው መብራቱን ብቻ ነው። ነጭ ሲያይ ወደ እርሱ የሚመጣ፥ ቀይ ሲያይ ከፊቱ የሚሄድ ወይም የቆመ መሆኑን ያውቃል፤ ፍሬቻውን አይቶ የሚታጠፍበትን ይረዳል። ቀዩ ወደ ግንባር ቢዛወር ግን የሚመጣው የሚሄድ ይመስለዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፥ ነጂው ሁለት ሰከንድ ብቻ ቢያመነታ ከ32 ሜትር የሚበልጥ መንገድ በስሕተት ያልፋል። በፓውዛ የተመታ ዓይንም ወደ ጨለማው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ለማሕሌት የሚሄደው ካህን፥ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ ወይም በመንገድ የቆመችው ላም አይታይም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የአምቡላንስ ነገር ነው። በምጥ የተያዘች ሴት ከገጠር በቃሬዛ በሰው ትከሻ ስትመጣ ብዙ ሕይወት በመንገድ ላይ ይቀር እንደ ነበረ አገሬው ያውቀዋል። ለየወረዳው አምቡላንስ ከተሰጠ ወዲህ ይህ ችግር ተቃለለ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አምቡላንሱም የሚደርሰው ሌላው መንገድ ሲለቅለት ነው። ሕዝቡ ብልጭ የሚለውን መብራት አይቶ ዳር በያዘ ቁጥር የሚያልፈው ለመዝናናት የወጣ የግል መኪና ከሆነ፥ በአራተኛው ጊዜ እውነተኛው አምቡላንስ ሲመጣ ዳር የሚይዝ አይኖርም። የዚህም ዕዳ የሚከፈለው መብራቱን በሰቀለው ሰው ሳይሆን በእናቲቱና በሕፃኑ ነው።

ምናልባት «ወጣቱ ባጃጁን በብድር ገዝቶ ቢያስጌጠው ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ንብረቱን የሚወድና የሚያሳምር ሰው አይነቀፍም፤ የውስጡን ወንበር ያልብስ፥ መጋረጃ ያድርግ፥ የቅዱሳንን ሥዕል ይስቀል። መብራት ግን ከመኪናው ውጭ በታየ ጊዜ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ለሌላው መንገደኛ ንግግር ይሆናል፤ ሐሰተኛ ንግግርም በአፍም ቢሆን በመብራት ያው ሐሰት ነው። ሙሽራ የሚያጅቡትም ሁለቱን ፍሬቻ በአንድነት እያበሩ መሄዳቸውን ቢተዉ ይሻላል፤ ያ ምልክት ተበላሽቶ ለቆመ መኪና የተሠራ ነውና፥ ሁለቱም ሲበሩ ነጂው ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ትርፍ መብራት ያበዛው መኪና ከኋላው አንዳች አንጸባራቂ ከሌለው ጋሪ ጋር በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። ለጌጥ መብራት ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ ለጋሪው ቀይ አንጸባራቂ ቢገዛለት የብዙ ሰው ነፍስ ይድናል። የመብራት ጥቅሙ በመብዛቱ ሳይሆን በሚያስፈልግበት ስፍራ በመገኘቱ ነው።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖች የምናሳስበው ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና ሁሉ ስለሚመረመር፥ መርማሪው ፍሬንና ጎማ እንደሚያይ ሁሉ ያልተፈቀደውን መብራት ሳያስነሣ ቦሎ አይስጥ። የተፈቀደውና የተከለከለው ቀለም በአንድ ገጽ ቀላል አማርኛ ተጽፎ በየመናኸሪያው ይለጠፍ፤ ያላወቀውም አስቀድሞ ይመከር፥ ከምክር በኋላ ያልሰማው ይቀጣ። ቅጣቱም ከባጃጅ ነጂው ብቻ አይጀምር፤ አስቸኳይ ጉዳይ ሳይኖረው መብራቱን እያብለጨለጨ ሕዝብን ዳር የሚያስይዝ የመንግሥት መኪና ካለ አስቀድሞ እርሱ ይጠየቅ። ሹሙ ያላከበረውን ሕግ ሕዝቡ ያከብረዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ካህናትም ሕዝብ በተሰበሰበበት በየበዓሉ ከምክራቸው ጋር ይህን ቢጨምሩበት ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ ይሰማሉ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት መሆኑን ከግዕዝ ለሕዝቡ የሚተረጉሙት እነርሱ ናቸውና፥ የባልንጀራን ዓይን በመብራት ማሳወር፥ የታመመውንም መንገድ መዝጋት ነውር መሆኑን ያስተምሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የአምቡላንሱ መብራት በሕዝብ ዘንድ ያለው መታመን ሳይጠፋ ዛሬውኑ ሊጠበቅ ይገባዋል።